ማታ 2 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ መደብር ልግባ ወይ ላልሽው እህቴ

ትናንት የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። እዚሁ ሐዋሳ አንድ ጅምላ መደብር ካሸርነት አግኝተሻል። ደመወዙ አሁን ከምታገኚው በ3 ሺህ ብር ይበልጣል። ሰፈሩ ግን ሌባ ይበዛበታል ተብለሻል፣ መደብሩም የሚዘጋው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። እናትሽ አይሆንም ብለዋል። «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄሽ።

የተሰጡሽን መልሶች አየኋቸው። ግማሹ «ሕይወት ይበልጣል፣ ተዪው» ይላል። ግማሹ «ሥራ በጠፋበት ጊዜ ምን ታማርጫለሽ» ይላል። እኔ እንደዚህ ያለ ቦታ ገብቼ ሠርቻለሁ። ከመስከረም 2014 ጀምሮ 1 ዓመት ከ7 ወር። የቢራና የለስላሳ ማከፋፈያ ነበር፣ ካሸር ነበርኩ፣ ሰፈሩም አንቺ እንዳልሽው ስሙ የጠፋ ነው። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ የሰፈሩ ሰው ውለታ አለብኝ። ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል።

በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. በቀን አይተሽ አትወስኚ። እኔ ልይ ብዬ የሄድኩት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ ሰው በሰው ነበር። ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ባጃጅ። «ይሄ ነው እንዴ የሚያስፈራው?» አልኩና ፈረምኩ። ያንኑ መንገድ ማታ ያየሁት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነው። እኛ አገር ክረምት ከበጋ 1 ሰዓት ላይ ጨልሟል። ከመደብሩ በር እስከ አስፋልቱ 350 እርምጃ ነው፣ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ሱቆቹ በሙሉ ተዘግተው ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ የሚበራው አንድ አምፖል ብቻ ነው፤ እሱም ጀበና ቡና የሚያፈሉ እናት በር ላይ ያለው። መብራት የጠፋ ቀን እሱም የለም።

እና አንቺ በምትወጪበት ሰዓት ሂጂና እዪው። ብቻሽን አትሂጂ። አንድ ቀን ብቻም አይበቃም፤ የሰኞ ማታና የእሁድ ማታ አንድ አይደለም።

2. ወደ ቤት የሚያደርስሽ ማን ነው? እኔ «ማታ ማታ በባጃጅ እናደርስሻለን» ተብዬ ነበር። በአፍ። ሁለት ወር አደረሱኝ። ከዚያ ባጃጁ ጋራዥ ገባ ተባለ። ከዚያ ነዳጅ የለም ተባለ። ከዚያ ስለ ባጃጁ የሚያወራም ጠፋ። እስቲ አስሊው። ኮንትራት ባጃጅ በማታ 150 ብር ቢያስከፍልሽ በ26 የሥራ ቀን 3,900 ብር ነው። ጭማሪሽን ሙሉ በሙሉ በልቶ 900 ብር ከኪስሽ ይወስዳል። ገንዘቡን ለመቆጠብ ብለሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ እኔም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትሄጂ ወይም ስትመለሺ የደረሰብሽን ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ ብሎ ይቆጥረዋል። በራስሽ መንገድ በእግርሽ ስትሄጂ የደረሰብሽን እንደዚያ ለማስባል ግን ብዙ ትከራከሪያለሽ።

3. ብሩ የት ነው የሚያድረው? እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

እኛ ጋ ካዝና አልነበረም። ባንክ የሚዘጋው ከኛ በፊት ነው፣ ግሮሰሪዎቹ ደግሞ ቴሌብር እያለም ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት በካሽ ነው። ስለዚህ የማታውን ሽያጭ ቤቴ አሳድሬ ጠዋት ባንክ እንዳስገባ ታዘዝኩ። ዘዴውን ያስተማረኝ አሠሪዬ ራሱ ነው። «ምሳ ዕቃሽ ውስጥ አድርጊው፣ ማን ምሳ ዕቃ ይሰርቃል» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ነበረኝ። ብሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ታችኛው ላይ አደርገዋለሁ፣ ማንኪያዬና የተረፈ እንጀራ ላይኛው ላይ። ጠዋት ባንክ ስቆጥረው ብሩ ሽሮ ሽሮ ይሸት ነበር።

ታኅሣሥ 2015 አንድ ማታ፣ አስፋልቱ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ሁለት ልጆች ከኋላዬ መጡ። አንዱ አንገቴን ያዘኝ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፣ አልነኩትም። የጆሮ ጌጤን አልነኩም። በቀጥታ ምሳ ዕቃውን መንጭቀው ሮጡ። 41,300 ብር። ቡና የሚያፈሉት እናት ጩኸቴን ሰምተው የእሳት መቆስቆሻቸውን ይዘው በነጠላ ጫማ ተከተሏቸው። አልደረሱባቸውም።

ልጆቹ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ማንም ላይነግራቸውም ይችላል። ከአንድ ዓመት በላይ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ ያንኑ ዕቃ ደረቴ ላይ አቅፌ ስሄድ ያየኝ ሁሉ ሊገምት ይችል ነበር። ባዶ ምሳ ዕቃ ማን ያቅፋል?

በዚያው ማታ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ «ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት ብር ተሸክማ ምን ትሠራለች?» አለኝ። ምን ትሠራለች! ሥራዋን ነዋ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆሜ ሻይ ሲጠጣ አየሁት። «ጠዋት ነይ» አለኝ። ጠዋት አሠሪዬ አልለቀቀኝም። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ያው ሰውዬ «እውነት ከተዘረፍሽ ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?» አለኝ። አሠሪዬ ደግሞ «መዘረፍሽን በምን አውቃለሁ? ማስረጃ አምጪ» ይላል። ሁለቱ መሀል ቆሜ ቀረሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ (አይግጠምሽ!) ቃልሽን ሳትሰጪ ከጣቢያ አትውጪ። ወንበሩ ላይ እደሪ። የመዝገቡን ቁጥር በስልክሽ ጻፊ። ያየ ሰው ካለ እጁን ይዘሽ አብረሽ ውሰጂው።

ከዘረፋው በላይ የጎዳኝ ግን ወረቀቱ ነው። ስቀጠር «ለሚጎድል ማንኛውም ገንዘብ ኃላፊነት እወስዳለሁ» የሚል ፈርሜያለሁ። አንብቤ ነው የፈረምኩት። ጉድለት ሲል መልስ ስሰጥ የምሳሳተውን መስሎኝ ነበር። ዋስም አምጪ ተባልኩ። አጎቴ ይርጋለም መምህር ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ደብዳቤ አጽፈው ሐዋሳ ድረስ መጥተው ፈረሙልኝ። ምሳ እንኳ ሳይበሉ ነው የተመለሱት።

አሠሪዬ ከ6,200 ብር ደመወዜ በየወሩ 3,100 መቁረጥ ጀመረ። አራት ወር ቆረጠ። እሱ አንሶት ለአጎቴ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። አጎቴ አንድም ቃል አልነገሩኝም። የሰማሁት ለፋሲካ ይርጋለም ስሄድ፣ ከሚስታቸው፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን ነው። «ዘንድሮ ለልጆቹ ልብስ ያልገዛነው ለምን መሰለሽ» አሉኝ። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። በነጋታው ለመልቀቅ ማመልከቻ አስገባሁ።

ሕጉን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በጽሑፍ ብትስማሚ እንኳ በአንድ ጊዜ ከደመወዝሽ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ አይችልም፣ አዋጁ ላይ አለ። የኔ ሲሶ 2,066 ብር ነበር፤ እሱ ግማሹን ነው የወሰደው። ዋስትናም ቢሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በቁጥር ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። አጎቴ የፈረሙት ወረቀት ላይ ቁጥር የሚባል አልነበረም። ክፍት ነበር።

ለአቤቱታ የሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ሰባት ጊዜ አመላልሶኛል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል፣ ነገ ነይ። ያዳነኝ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። እዚያ ያገኘኋት ልጅ ወረቀቶቼን አገላብጣ አየችና «የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል፣ ስንት ቀን ቀረሽ?» አለችኝ። ቆጠርን። 9 ቀን! የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደሌለውም የነገረችኝ እሷ ናት። ክሱን ከፈትኩ። መጥሪያው በደረሰው በሳምንቱ አሠሪዬ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ግማሹን ማሪው» አሉኝ። አልማርኩም። 12,400 ብሬን ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ አጎቴን ከዋስትናው የሚያወጣ ደብዳቤም አስፈርሜ ወሰድኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያኮራኛል።

ሰፈሩን ላልሽው፣ በተዘረፍኩ ማግስት እኚያ ቡና የሚያፈሉት እናት ምሳ ዕቃዬን ቦይ ውስጥ አግኝተው፣ በአመድ ፈትገው አጥበው፣ በር ላይ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ የሚለጥፉት ልጆች ማታ ማታ እስከ አስፋልቱ ይሸኙኝ ነበር። አንድም ቀን ገንዘብ አልጠየቁኝም። ያንን ምሳ ዕቃ አሁንም እይዘዋለሁ።

4. ልግባ ወይ ላልሽው፣ እኔ ግቢ እላለሁ። ግን ከመፈረምሽ በፊት አሠሪው ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጥሽ። አንደኛ፣ የድርጅቱን ብር ይዘሽ እንደማትወጪ፤ ካዝና ይግዛ ወይ ራሱ መጥቶ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ማታ የሚያደርስሽ ሰርቪስ። ሦስተኛ፣ ኃላፊነትሽ ለሒሳብ ጉድለት ብቻ እንደሆነ፣ ዘረፋን እንደማይጨምር፤ የዋስሽ ወረቀት ላይም የብሩ ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ። «እንተማመናለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ካለሽ ይቅርብሽ። እኔንም እንደዚያ ነው ያለኝ። እሺ ብሎሽ ከገባሽ በኋላ መንገዱ ካልተመቸሽ፣ በሙከራ ጊዜ ላይ እስካለሽ ድረስ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ቀኑን ቁጠሪ።

መደብሩ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሐሙስ ማታ ሥራ የለኝም፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አብሬሽ ሄጄ መንገዱን አየዋለሁ። እናትሽም መምጣት ከፈለጉ ይምጡ።