መልስ፦ እድር የክረምቱን የእህል እጥረት ይሸፍናል ወይ?

«እድራችን ለቀብር ብቻ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ለሚሆንበት ሰው ሊደርስ ይችላል?» ብለዋል። ይችላል፤ ግን መዋጮው በብር ሳይሆን በእህል ይሁን። ጥር ላይ የተዋጣ ብር ክረምት እህል ሲወደድ የሚገዛው ትንሽ ነው። ውቂያ እንዳለቀ አባሉ ሁሉ እኩል ይስፈር፤ ሐምሌ የተበደረ በጥር ይመልስ፣ ዋስም ይጥራ። ጤፍ ወይም ዳጉሳ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ነቀዝ እምብዛም አይደፍራቸውም። በቆሎ ከሆነ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ይድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሰር፤ አለዚያ ሐምሌ ሳይደርስ ዱቄት ሆኖ ያገኙታል።

ከእህል ሌላ በጉልበት መረዳዳትም አለ፤ ወንፈልና ደቦን ግን አንድ አያድርጓቸው። ወንፈል በቀን ቀን የሚመለስ የጉልበት ብድር ነው። ደቦ ጎረቤት ተጠርቶ በግብዣ የሚሠራበት ስለሆነ ጠላና እንጀራ ይፈልጋል፣ እህል የጨረሰ ሰው በምን ይጠራዋል? በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴትም መሬቷን የእኩል ሰጥታ ግማሹን ታጣለች፤ እድሩ ጥማድ በተራ ቢያውሳት ከስንዴ እርዳታ ይበልጣል።

አንድ ነገር አይርሱ፦ በረዶ ሲወርድ የጎረቤትዎም ማሳ አብሮ ይመታል። ያኔ የሚደርሰው ሌላ አየር ንብረት ውስጥ ያለ አማች ወይም አበልጅ ነው፤ የጮቄ ተራራ ደገኛ ገብስና ድንች አለው፣ የዓባይ በረሃ ቆለኛ ማሽላ።