መልስ፦ ጓንት ካደረግሁ እጄን ማጽዳት ያስፈልገኛል?

አዎ፣ ያስፈልግዎታል፤ ታካሚ ለመንከባከብ ጓንት ከማድረግዎ በፊትም ሆነ ካወለቁ በኋላ እጅዎን ማጽዳት አለብዎት፤ ምክንያቱም ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ በሚወልቅበት ጊዜም በውጭ በኩል ያለው ተህዋስ በቀላሉ ወደ ቆዳ ይተላለፋል።

«አልኮል ወይስ ሳሙና?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ እጅዎ በሚታይ ሁኔታ ካልቆሸሸ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ድረስ ማሸት በቂ ነው። ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነካው ግን በውሃና ሳሙና ይታጠቡ፤ መታጠቡ እስከ ማድረቁ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል በተባለው ባክቴሪያ ተቅማጥ የያዘው ታካሚ ዘንድም ሳሙና ይጠቀሙ፣ የባክቴሪያውን ስፖሮች (በጠንካራ ሽፋን የተከለሉ የባክቴሪያው ቅርጾችን) አልኮል አይገድላቸውምና።

የዓለም ጤና ድርጅት የዘረዘራቸውን አምስት የእጅ ማጽጃ ጊዜያት በቃል እንደሚያውቋቸው ጽፈዋል፤ እነርሱም ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና ከሚጠይቅ ሥራ በፊት፣ ለሰውነት ፈሳሽ ከተጋለጡ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ እና በታካሚው ዙሪያ ያለን ዕቃ ከነኩ በኋላ ናቸው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በቃሌ አውቃቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስንዘዋወር «በኋላ» የሚሉትን ሳልረሳ «በፊት» የሚሉትን እዘልላቸው ነበር፤ ሳላስተውለው ከታካሚው ይልቅ ራሴን እየጠበቅሁ ነበር ማለት ነው። በተለይ በአንድ ታካሚ ላይ እንኳ የሽንት ከረጢት በነካ ጓንት የደም ሥር መስመሩን (መድኃኒት ወይም ፈሳሽ ወደ ደም ሥር የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ) እንዳይነኩ ይጠንቀቁ፤ ጓንቱን አውልቀው፣ እጅዎን አጽድተው፣ አዲስ ያድርጉ።