መልስ፦ ዲዝኒ ወርልድ ከልጆች ጋር፣ ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል?

እህቴ፣ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርክ ምግብ ከቤት ይዘን መግባት እንችላለን ወይ ላልሽው፣ በደንብ ይቻላል። የሚከለክሉት አልኮልና የሚሰበር የጠርሙስ ዕቃ ነው። ኩለር (ምግብ ቀዝቃዛ የሚያቆይ ሳጥን) ከያዛችሁ ልቅ በረዶ አይገባም፣ አይስ ፓክ (ፍሪዘር ውስጥ የሚቀዘቅዝ የታሸገ ከረጢት) አድርጊበት።

ውሃ እንዳትገዢ! ለስላሳ ከማሽን የሚቀዱበት ፈጣን ምግብ ቤት ገብተሽ በረዶ ያለው ውሃ ስትይ በኩባያ በነጻ ይሰጡሻል፤ የፍሎሪዳ ሙቀት ደግሞ ቀልድ አይደለም። እኔ ጠዋት እንቁላል በዳቦ በፎይል ጠቅልዬ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥሬ ነው የምገባው፤ ልጆቹ ሰልፍ ላይ ሲቆረጥሙ ከኋላችን ያለው ፈረንጅ ምንድነው እያለ ይጠይቃል (አቅምሰነዋል)።

ምሳ ውስጥ ከገዛችሁ፣ ፈጣን ምግብ ቤቶቹ የልጆች ምግብ ለአዋቂም ይሸጣሉ። ከነሚኪ ማውስ ጋር የሚበላበትን ቡፌ ግን እርሽው፣ ኪስ ያራግፋል።