24 ወር ልፈርም ወይስ በየወሩ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የቤት ኢንተርኔትና መደበኛ ስልክ አንድ ላይ ልናስገባ ነው። ድርጅቱ 24 ወር ከፈረምን የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት በግማሽ ዋጋ ይሰጠናል። በየወሩ እየከፈልን መጠቀምም እንችላለን፤ ያኔ ግን ቅናሽ የለም። የምንኖረው በኪራይ ነው፣ የቤቱ ውል ሊያልቅ 10 ወር ቀርቶታል። እኔ ቪዲዮ እያቀናበርኩ የምሠራው ከቤት ነው። ስልኩን ደግሞ በዋናነት የምትፈልገው አብራን ያለችው እናቴ ናት። ባለቤቴ «ግማሽ ዋጋ ተገኝቶ!» ብሎ ሊፈርም ቸኩሏል። ሻጩም ቅናሹ ዛሬ ነገ ያበቃል እያለ ይደውላል። ምን ይመክሩኛል?
የቸኮለው ሰውዬ ሚስት

መልስ፦ ልጄ፣ ባልሽን አትቆጪው። ግማሽ ዋጋ ሲባል የማይቸኩል የለም። ብቻ ከመፈረሙ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለሒሳቡ እንዲመቸን ወርሃዊ ክፍያው 100 ነው እንበል። በውሉ 6 ወር በ50፣ 18 ወር በ100 ትከፍላላችሁ፤ ድምሩ 2100። ያለ ውል 24ቱን ወር ብትከፍሉ 2400። ልዩነቱ 300 ብቻ ነው። ግማሽ የተባለው ቅናሽ በጠቅላላው ሲታይ ከስምንት አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው።

አሁን በ10ኛው ወር ቤቱን ለቀቃችሁ እንበል። ብዙ ውሎች ቀድሞ የሚያቋርጥን ሰው የቀሩትን ወራት ሒሳብ፣ ሙሉውን ወይም ከፊሉን ያስከፍሉታል። ሙሉውን ከሆነ፣ ብትወጡም የምትከፍሉት ያው 2100 ነው። በየወሩ ስትከፍሉ ቆይታችሁ ብትወጡ 1000። ውሉ የሚያዋጣችሁ ከ21 ወር በላይ ከቆያችሁ ነው። የማስገቢያና የሞደም ክፍያ በውሉ ነፃ ከሆነ እሱንም ደምሩበት፤ ትንሽ ያቀራርበዋል። ያም ሆኖ የ10 ወር ኪራይ ይዞ የ24 ወር ኢንተርኔት መፈረም ለእኔ አይዋጥልኝም። «ወደ አዲሱ ቤት እናዛውርላችኋለን» ካላችሁ፣ እዚያ መስመር ባይኖርስ? በነፃ ትወጣላችሁ? መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዋጋው መሃል ላይ ይጨምር እንደሆነም እዚያው እዩ።

እኔ ለዓመታት መስመር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ሳልል አላልፍም። ቤታችሁ የሚገባው ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያመላልስ ቀጭን የመስታወት ገመድ) ነው ወይስ የድሮው የመዳብ ሽቦ? በመዳብ ከሆነ፣ ቤቱ ከማከፋፈያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ውሃ ከገባበት ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ስልኩ ይንጫጫል፣ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። ሳጥኑን ከፍቼ አረንጓዴ ዝገት የበላው ሽቦ በጣቴ ስነካው ብቻ የተበጠሰብኝ ስንቴ ነው! ሻጩ ይህንን አያይም። ጎረቤት ግን ያውቃል። ያንኑ መስመር የሚጠቀም ካለ ማታ ማታ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ እንዴት እንደሚሆንበት ጠይቂ።

ለአንቺ ሥራ ዋናው የማውረጃው ፍጥነት አይደለም፤ የመላኪያው ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማውረጃው ነው። መላኪያው 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢሆን፣ 1 ጊጋ ባይት ቪዲዮ ለመላክ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጅብሻል። የአንቺ ፋይሎች ስንት ጊጋ እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ። ስለዚህ የመላኪያው ዝቅተኛ ፍጥነት በቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ ከወረደ ያለ ቅጣት መውጣት እንደምትችሉም ይጨመርበት።

የእናትሽ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። የድሮው የመዳብ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራል። በፋይበር የሚመጣው ግን ቤት ባለው ሞደም ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይጠፋል፣ ስልኩም አብሮ። ለሞደሙ መጠባበቂያ ባትሪ ግዙለት፤ ወይም እናትሽ ቻርጅ የተደረገ ሞባይል አጠገባቸው ይኑር። ቤት ስትቀይሩ ቁጥራቸውን ይዘው መሄድ ይችሉ እንደሆነም አጣሩ፤ ቁጥሩን የሚያውቁት ወዳጆቻቸው ናቸው።

ሻጩ ዳግም ሲደውል የ12 ወር ውል እንዳለ ጠይቂው። በ10ኛው ወር ብትለቁ ቢበዛ የሁለት ወር ነው የምትከስሩት። ለቅናሹ ጥድፊያ ደግሞ «ውሉን በጽሑፍ ላክልንና አንብበን እንነግርሃለን» በይው። አልልክም ካለ በየወሩ ክፈሉ። አከራያችሁ ለገመዱ ማስገቢያ ግድግዳ ማስበሳት ይፈቅዱ እንደሆነም ዛሬውኑ ጠይቋቸው።