የተሳቢ ጎማ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ባለጎማው፦ ጀልባም ጫኑበት ፈረስ፣ ከመኪና ኋላ ስለሚጎተት ቀላል ተሳቢ ጎማ ጠይቁ። የተሳቢውን ክብደት ከነጭነቱ፣ የጎማውን መጠንና ዕድሜውን ሳትጽፉ ግን አትጠይቁኝ።

ጀማሪ፦ ምርጡ ጎማ የትኛው ነው?

ባለጎማው፦ ለየትኛው ተሳቢ? ስንት ኪሎ? ከላይ ያልኩትን አንብብና ተመለስ።

ባለጀልባው፦ የኔ ጎማ ጥርሱ እንደ አዲስ ነው። ዕድሜው ግን ስምንት ዓመት ሆኗል። ጀልባዋ አብዛኛውን ዓመት ቆማ ነው የምትከርመው። ልቀይረው?

ባለጎማው፦ ቀይር። ጥርሱን አትየው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ነው የሚሞተው። ፀሐይና ኦዞን ላስቲኩን ያደርቁታል። ጎማ ሲሽከረከር በውስጡ ያለው መከላከያ ወደ ላይ እየወጣ ይጠብቀዋል፤ ቆሞ የሚከርም ጎማ ይህን አያገኝም። መጀመሪያ ጎኑ ላይ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ይታያሉ። አንዳንዴ እሱም አይታይም፣ ውስጡ ይላቀቅና መንገድ ላይ ይፈነዳል።

ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ DOT (ዲኦቲ) ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ የሚመጣውን መስመር አንብቡ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሙሉው ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሥር ገብታችሁ እዩ። እኔ አምስት ዓመት ካለፈው አላምነውም። የገዛችሁበትን ቀን አትቁጠሩ፤ መደርደሪያ ላይም ያረጃል።

ፈረስ ጫኝ፦ ንፋስ ስንት ልሙላ?

ባለጎማው፦ ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ጎማ ከሆነ፣ አምራቹ ሌላ ካላለ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ሙላ። ጎማው ቀዝቃዛ እያለ! ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይላቀቃል። ሲነዳ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው። ሲግል አታስተንፍሱ። ይህን እደግመዋለሁ፣ ልመዱት።

ጥያቄ አብዢ፦ በናይትሮጅን መሙላትስ? እኔ ከሞላሁ ወዲህ ግፊቱ አይወርድም።

ረጅም መንገድ፦ አየሩ ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው ወዳጄ። ለቀሪው ነው የምትከፍለው?

ጥያቄ አብዢ፦ እርጥበት የለውም እኮ። አውሮፕላን እንኳ በሱ ነው የሚሞላው።

ረጅም መንገድ፦ ያንተ ተሳቢ ይበራል እንዴ?

ባለጎማው፦ በቃችሁ። በምንም ሙሉት፣ ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት ለኩ።

ጀማሪ፦ ተመለስኩ። ከነጭነቱ 1,300 ኪሎ፣ ባለ ሁለት ጎማ። ጎማ ገና ልገዛ ነው።

ባለጎማው፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ለአንድ ጎማ 650 ኪሎ ይደርሳል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው የጭነት ቁጥር 100 ከሆነ 800 ኪሎ ይችላል፣ 108 ከሆነ 1,000። 100 ይበቃሃል። ጭነት ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ስለሚያደላ ልክ በልክ አትግዛ። ራዲያልን (የውስጥ ክሮቹ ጎማውን ቀጥ ብለው የሚያቋርጡትን) እና የድሮውን ዓይነት (ክሮቹ በሰያፍ የሚሄዱትን) አንድ አክስል ላይ አትቀላቅል። የፍጥነት ፊደሉንም እይ፤ ኤል (L) በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኤም (M) እስከ 130። ፊደል ከሌለው ከ100 አትለፍ። መኪናህ ስለቻለች ተሳቢው ይችላል ማለት አይደለም።

ረጅም መንገድ፦ ባለ አራት ጎማ ነው የኔ። አንዱ ፈነዳ፣ ስኮርት ገጠምኩ። ሌላ የሚደረግ አለ?

ባለጎማው፦ በዚያው ጎን ያለው ሁለተኛው ጎማ የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ ሄዷል። ከውጭ ደህና ቢመስልም አስፈታውና ውስጡን አሳይ። ርቀህ ከሄድክ ቀይረው። ቡሎኖቹንም ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና አጥብቅ።

ባለጀልባው፦ ኩሽኔታውን በየስንት ጊዜ ግራሶ ልቀባ?

ባለጎማው፦ ጎማ ነው ያልኩት። መካኒክ ጠይቅ።

ፈረስ ጫኝ፦ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሞልቼ ቫልቩ ሥር አየር ያፈተልካል። ጎማው መጥፎ ነው?

ባለጎማው፦ ጎማው ምን አደረገ? ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው እስከ 65 ነው። የብረቱን አስገጥም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ንፋስ ስንት ነው የሚሞላው?

ባለጎማው፦ ወደ ላይ ውጣ።