መልስ፦ ካልኩለስ 2፣ ሊኒየር አልጀብራና ኤሌክትሮማግኔቲዝም በአንድ ሴሚስተር
ጅማ ላይ ሦስቱን አንድ ላይ እንዴት ልቻላቸው ላልከው ወንድሜ፣ ለየብቻ አታጥናቸው። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው ፊዚክሱ ከብዶት ሳይሆን ኢንተግራሉ ይዞት ነው። ቻርጅ ያለበትን፣ ጫፍ የለውም ተብሎ የሚታሰብ ረጅም ሽቦ ኤሌክትሪክ ፊልድ ስትሠራ (ኤክስ በሽቦው ላይ ያለው ቦታ፣ ኤ ደግሞ ከሽቦው ያለህ ርቀት ነው) ከክፍልፋዩ ታች "ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ኤ ስኩዌር" በ3/2 ፓወር ይመጣብሃል። ኤክስን በ"ኤ ታንጀንት ቴታ" ተካው። ዲኤክስንም አብረህ ቀይር፤ ነጥብ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ወሰኑ ከ-90 እስከ 90 ዲግሪ ይሆንና የኮሳይን ኢንተግራል ብቻ ይቀርሃል፤ የኢንተግራሉ መልስ 2 ሲካፈል ለኤ ስኩዌር። ስለዚህ ትሪጎኖሜትሪክ ሰብስቲቲዩሽንን ከፊዚክሱ ምዕራፍ አስቀድም።

ሊኒየር አልጀብራ ያን ያህል አያስፈራም፤ ሮው ሪዳክሽን (የማትሪክስን ረድፎች እየደመሩና እየቀነሱ ማቅለል) በቀን 2 ጥያቄ በእጅህ ሥራ፣ የሚጥልህ የምልክት ስህተት ነው። የላብ ሪፖርት ግን አታሳድር። ወርክሺቱንም (የጥያቄ ወረቀቱን) በወረቀት ኮፒ አድርገህ ያዝ፤ ዝናብ ጠንቶ መብራት ከጠፋ ስልክህ አያዛልቅህም።