ፈተና አልፌ መደሰቴ ትዕቢት ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ብዙዎች በወደቁበት የአናቶሚ ፈተና ኤ አመጣሁ። በጣም ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ግን ትዕቢት መስሎኝ ተጨነቅሁ። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ "ምንም አላጠናሁም፣ እግዚአብሔር ነው" እላለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ይህን ሳልልሽ ወደ ትምህርቱ አልገባም። ሰው በድካሙ ሁሉ መልካምን ማየቱ "የእግዚአብሔር ስጦታ ነው" ተብሎ ተጽፏል (መክ. 3፥13)። ሌሊቱን ሙሉ ከአጥንትና ከነርቭ ስም ጋር ስትታገዪ ከርመሽ፣ ውጤት ሲለጠፍ ልብሽ ቢዘል ኃጢአት የለበትም።

እኔን ያሳሰበኝ መልስሽ ነው። በግቢ ጉባኤ ልጆች ዘንድ ደጋግሜ አገኘዋለሁ፤ "ምንም አላጠናሁም" ማለትን ትሕትና ያደርጉታል። ልጄ፣ ውሸት ትሕትና አይሆንም፤ የእግዚአብሔር ስም ሲጨመርበትማ ይብሳል። ደግሞ ማንን እንደሚጎዳ አስቢ። ከአንቺ እኩል አምሽታ የወደቀችው ጓደኛሽ "እሷ ሳታነብ ኤ፣ እኔ ይህን ሁሉ ለፍቼ ይኼ? እግዚአብሔር ትቶኛል ማለት ነው" ብላ ስታለቅስ ታድራለች። ቅዱስ ጳውሎስ "ከሁላቸው ይልቅ ግን ደከምሁ" ሲል ልፋቱን አልደበቀም፤ ወዲያው ግን "ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለ (1ቆሮ. 15፥10)። ዳንኤልና ጓደኞቹም ዕውቀትን የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው፤ በንጉሡ ፊት ቀርበው የተጠየቁት ግን በባቢሎን እንዲማሩ የታዘዘላቸው 3 ዓመት ሲፈጸም ነው (ዳን. 1)።

ትዕቢትን መፍራትሽ መልካም ነው፤ የፈለግሽበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ፈሪሳዊው እኮ እያመሰገነ ነበር! "እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ" አለ (ሉቃ. 18፥11)። ደስ እንዲለው ከጎኑ ያነሰ ሰው መኖር ነበረበት። አንቺም ራስሽን ጠይቂ፦ ክፍሉ በሙሉ ኤ ቢያመጣ ኖሮ ደስታሽ ይቀንስ ነበር? የሚቀንስ ከሆነ ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። የማይቀንስ ከሆነ ያለ ስጋት ደስ ይበልሽ።

ከእንግዲህ ለሚጠይቁሽ "አጥንቻለሁ፤ እግዚአብሔርም ረድቶኛል" በያቸው። ድጋሚ ለሚፈተኑት ደብተርሽን አውሺ፤ የከበዳቸውንም ምዕራፍ አብረሻቸው ተቀምጠሽ አስረጂ። ለፈተናው ተስለሽ ከነበረም፣ ቀጣዩ ሴሚስተር ሳይጀምር ስእለትሽን አስገቢ።